እውነት ወይስ ተረት? ከትዝታ የተሳለው አገር ቤት

ጋቦዴም ሆነ ሌላ የጅቡቲ ከተማ ሰፈር፣ ኢትዮጵያዊ የሚያዘወትረው ምግብ ቤት ከገባችሁ አንድ የአገር ቤት ሥዕል ግድግዳ ላይ ማየታችሁ አይቀርም። ጎጆ አለ፣ ጥማድ በሬ አለ፣ ከኋላ ሰማያዊ ተራራ፣ ከፊት ቢጫ አበባ። ሥዕሉ ባለበት ደግሞ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ሠዓሊው ገጠር ረግጦ አያውቅም» ይላል፤ ሌላው «የእኛ ቀዬ ቁርጥ እሱ ነው» ብሎ ይምላል፤ ሦስተኛው «እንዲህ ያለ አረንጓዴ የትም የለም» ይላል። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ደጋግመው የሚነሡ ስምንት አባባሎችን አንድ በአንድ እንመርምራቸው። ከታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. «ቦታው ላይ ቆሞ ያልተሳለ መልክዓ ምድር የውሸት ነው»

ፍርድ፦ ተረት።

ስማቸው ገንኖ የሚነሣ የገጠር ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ቤት ውስጥ ነው። አንዱ ምክንያት የዕቃ ጉዳይ ነበር። ድሮ የተዘጋጀ ዘይት ቀለም የሚቋጠረው በአሳማ ፊኛ ስለነበር ይዞ መዞር ያስቸግራል። የሚጨመቀውን የቆርቆሮ ቱቦ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ የፈለሰፈው በ1841 ነው። ከዚያ በፊት ሠዓሊው ሜዳ ወርዶ ትንሽ ንድፍ ያነሣል፤ ትልቁን ሸራ የሚጨርሰው ግን ቤቱ ገብቶ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል ያደገበትን የሰፎክ ገጠር፣ የስቱር ወንዝን፣ ውሃው ውስጥ የቆመውን ጋሪ በ1821 ሲስል የነበረው ለንደን ነው። ሥዕሉ በ1824 ፓሪስ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አሸልሞታል፤ ማንም «ወንዙ ዳር አልሳልከውም» አላለውም።

በ1888 መጨረሻ ቫን ጎግና ጎጋን ደቡብ ፈረንሳይ፣ አርል ከተማ አብረው ሲኖሩ ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ጎጋን ከትዝታ መሳልን ይመርጣል፤ ቫን ጎግ ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ መሥራት ይወዳል። ቫን ጎግ የጎጋንን መንገድ ሞከረና ሆላንድ ውስጥ በኤተን የሚገኘውን የወላጆቹን ቤት የአትክልት ቦታ በትዝታ ሳለ። ዛሬ ሥዕሉ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። ቫን ጎግ በኋላ ወደ ቀድሞ ልማዱ ቢመለስም ትዝታው ግን አልተወውም። በ1889 የሳለው ዝነኛው የከዋክብት ሌሊት ሥዕል ሰማዩ የደቡብ ፈረንሳይ ነው፤ መንደሩ መሃል የቆመው የቤተ ክርስቲያን ሹል ጫፍ ግን የትውልድ አገሩን ይመስላል። እንግዲህ ጥያቄው ሠዓሊው የት ቆሞ ሳለ የሚለው አይደለም። ያየውን ነገር ምን ያህል ያውቀዋል የሚለው ነው።

2. «ትዝታ እንደ ፎቶ ነው፤ አንዴ ያየውን አይስትም»

ፍርድ፦ ተረት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ፍራንኮ ማኛኒ ነው። በ1934 ጣሊያን፣ ቶስካና ውስጥ ፖንቲቶ በምትባል የኮረብታ መንደር ተወለደ፤ በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ ኑሮውን መሠረተ። እዚያ በጠና ከታመመ በኋላ ፖንቲቶ በሕልሙም በእውኑም አልለቀው አለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የሰጠው ያችኑ መንደር ለመሳል ነው። በ1988 የሳን ፍራንሲስኮው ኤክስፕሎራቶሪየም ሙዚየም የማኛኒን ሥዕሎች ለዕይታ ሲያቀርብ፣ ፎቶ አንሺዋ ሱዛን ሽዋርትዘንበርግ ፖንቲቶ ድረስ ሄዳ ያነሣቻቸውን የእነዚያኑ ቦታዎች ፎቶዎች ጎን ለጎን ሰቀለ። የነርቭ ሐኪሙና ጸሐፊው ኦሊቨር ሳክስም ስለ እሱ በሰፊው ጽፏል።

ጎን ለጎን ሲታዩ የሚያስገርመው ነገር ሁለት ነው። በአንድ በኩል የደረጃው መታጠፊያና የግድግዳው ድንጋይ ሳይቀር ይመሳሰላል። በሌላ በኩል አንዳንዱ ሥዕል ከአንድ ቦታ ቆሞ ሊታይ የማይችለውን በአንድ ላይ ሰብስቧል። ከዚህ የሚታየው፣ ከዚያ የሚታየው ተጋጥሞ አንድ ትዕይንት ሆኗል። ሰውም የለበትም፤ ባዶ መንደር ነው። ማኛኒ አልዋሸም፤ ትዝታ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

ቤተ ሙከራም ይህንኑ ይላል። ሄሊን ኢንትራውብና ማይክል ሪቻርድሰን በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ያዩትን ፎቶ በኋላ ከትዝታ ሲስሉ በፎቶው ውስጥ ያልነበረ ዙሪያ ገባ ጨምረው ነበር። ካሜራው የቆረጠውን አጥር አእምሯቸው ቀጠለው። በ2020 ዊልማ ባይንብሪጅና ክሪስ ቤከር ደግሞ ነገሩ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ እንደማይሄድ አሳዩ፤ ከቅርብ የተነሣው ትዕይንት በትዝታ ሲሰፋ፣ ከሩቅ የተነሣው ብዙ ጊዜ ይጠባል። ከዚህም ሌላ «የአያቴ ግቢ ትልቅ ነበር» ብላችሁ አድጋችሁ ስትሄዱ ጠብቦ ብታገኙት አትደንግጡ። ግቢው አልተሸራረፈም፤ በትዝታችሁ የያዛችሁት በልጅ ቁመት የተለካውን ነው።

3. «አረንጓዴውን ያጋነነው ሠዓሊው ነው»

ፍርድ፦ ግማሽ እውነት።

ሊሸጥ የሚያጋንን ሠዓሊ የለም ማለት አይቻልም። ግን ከእሱ በፊት የሚያጋንን አለ፤ የተመልካቹም የሠዓሊውም አእምሮ። የቀለም ተመራማሪው ሲ. ጄ. ባርትልሰን በ1960 እንደ ሣርና ሰማይ ያሉ የለመድናቸውን ነገሮች ቀለም ሰዎች ከትዝታ እንዲመርጡ ሲያደርግ፣ የመረጡት ባብዛኛው ከእውነተኛው የደመቀ ነበር። በትዝታችን ሣሩ ይበልጥ አረንጓዴ፣ ሰማዩም ይበልጥ ሰማያዊ ነው።

ጅቡቲ ላይ ደግሞ ይህ ይባባሳል። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይደርስም፤ አዲስ አበባ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። በሐምሌ፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስ አቧራውን እያነሣ ሲነፍስ፣ ሸራው ላይ ያለውን መስክ የሚያይ ሰው «ይህ አረንጓዴ በዛ» አይልም፤ አነሰ ካላለ ነው።

የሚያጣላው ሌላ ነገር ነው፤ ወቅቱ። ደጋው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ አይደለም። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ያርስና ያለመልመዋል፤ አደይ አበባ የሚፈነዳው በመስከረም ነው። ጤፍ የሚታጨደው ግን ባብዛኛው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ አውድማ ላይ በሬ የሚዞርበት ጊዜ መስኩ ገለባ መስሎ፣ አደይም ረግፎ ነው። አሁን ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ። ከፊት አደይ አበባ፣ ከጀርባ የጤፍ ክምርና ውቂያ ካለበት፣ መስከረምና ጥር በአንድ ማለዳ ውለዋል። ይህ የሠዓሊው ትዝታ ከሆነ ነውር የለውም፤ ልጅነት የሚታወሰው በወር ተከፋፍሎ አይደለም። «የገጠሩ ኑሮ ይህን ይመስላል» ተብሎ ለማያውቅ ልጅ የሚታይ ከሆነ ግን ስሕተት ነው።

4. «ሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው»

ፍርድ፦ ተረት።

ብዙዎች «ጥንታዊት ኢትዮጵያ» ብለው የሚያደንቁት የገጠር ሥዕል ውስጥ ጥንት ያልነበረ እንግዳ ሞልቷል። ከጎጆው ጀርባ ተሰልፎ የቆመው ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ነው። ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ የተሰጣው ቀይ በርበሬ፣ ከጓሮ ያለው በቆሎ፣ ሁለቱም የአሜሪካ ምድር ተክሎች ናቸው፤ ከኮሎምቦስ ጉዞ በፊት በአፍሪካ አልነበሩም። የትግራይን ኮረብታ የሚያለብሰው በለስም ከዚያው ከአሜሪካ የመጣ ነው። ቅርንጫፉን ወደ ሰማይ ያቆመው ቁልቋል ግን የአገሩ ነው።

ይህን ማወቅ ሥዕሉን አያረክሰውም። የሠዓሊው ልጅነት ውስጥ ባሕር ዛፍ ከነበረ፣ ትዝታው ያለ ባሕር ዛፍ ሙሉ አይሆንም። የሚያስቀው፣ የዐድዋን ዘመን ገጠር እስላለሁ ብሎ ረጅም የባሕር ዛፍ ደን ከጀርባ የሚያቆም ነው። ያኔ ዛፉ ገና ችግኝ ነበር።

5. «ጅቡቲ የሚሳል ገጠር የላትም፤ ድንጋይና ጨው ነው»

ፍርድ፦ ተረት።

ይህን የሚለው ሰው ከጋቦዴና ከወደብ አልፎ አልሄደም ማለት ነው። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፤ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ። ዳርቻው ነጭ ጨው፣ ውሃው ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፤ ሦስቱ ቀለሞች ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በላይ በጎዳ ተራሮች ላይ ደግሞ የዳይ ደን አለ። እዚያ የሚበቅለው ከወሎና ከሸዋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የምናውቀው ጥድ ነው። ከዛፎቹ ብዙዎቹ ደርቀው ቆመዋል፤ ያም ቢሆን ራሱን የቻለ ሥዕል ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የአቤ ሐይቅ ነው። በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለው ይህ ሐይቅ እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ቆመውበታል፤ ከአንዳንዶቹ እንፋሎት ይወጣል። የአዋሽ ወንዝ መጨረሻም እዚሁ ነው። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ፣ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ዞሮ ዞሮ በአቤ ያልቃል። አረንጓዴው ሥዕል ላይ ያለው ጅረትና ይህ በረሃ የአንድ ወንዝ ሁለት ጫፎች ናቸው።

እዚህ አገር መሳልም አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ጅቡቲ፣ አቡርማ በሚባለው ቦታ ከድንጋዩ ላይ የተቀረጹ ቀጭኔዎች፣ ሰጎኖችና ከብቶች አሉ። ዛሬ በዚያ አካባቢ ቀጭኔ የለም፤ ድንጋዩ ግን ይዞታል። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ1911 ጅቡቲ የገባው ፈረንሳዊው ነጋዴና ጸሐፊ ሄንሪ ደ ሞንፍሬ የውሃ ቀለም ሥዕል ይሠራ ነበር። አባቱ ጆርጅ ዳንኤል ደ ሞንፍሬ ሠዓሊና የዚያው ከትዝታ ሳሉ ባዩ የጎጋን የቅርብ ወዳጅ ነበር። ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት ደግሞ ገና ልጅ ሳለ በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢትዮጵያ መጥቶ ያደገና አባቱ የሞተበት ሰው ነው፤ ከ1969 ጀምሮ ባሳተመው የበረሃ ጊንጦች የተሰኘ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ውስጥ የዳንኪልን ምድር በጥቁር ቀለም ደጋግሞ ስሎታል።

የገጠር ትዝታ የደጋ ሰው ብቻ ሀብት አይደለም። አቃል በሚባለው ጎጆ ውስጥ የተወለደ ሶማሌ፣ በሰሌን ቤት ውስጥ ያደገ አፋር፣ ፍየል ሲጠብቅ የዋለበት ሸለቆ፣ ግመል ያጠጣበት ጉድጓድ አለው። ያንን ከመሳል የሚያግደው የሣር አለመኖር አይደለም፤ ገዢው ሣር ብቻ ይፈልጋል ብሎ የሚያስብ ሻጭ ነው።

6. «ጎጆና በሬ ከሌለበት የአገር ትዝታ አይባልም»

ፍርድ፦ ተረት።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ያሳያቸው ረቂቅ ሥዕሎች «ይህ የእኛ አይደለም» የሚል ሙግት አስነሥተው ነበር። ይኸው ሰው አገሬ የተሰኘውን፣ በስደት ያለ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ግጥም የጻፈ ነው፤ ያረፈውም በ1981 ከአገሩ ርቆ፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ነው። ሸራው ላይ ጎጆ ስላላቆመ አገሩን ረሳ የሚለው ማን ነው? ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያስተምር የአገሩን ክታብና ምልክት ይዞ ነበር። ትዝታ በቅርጽ ብቻ አይመጣም፤ በቀለምም በሸካራነትም ይመጣል።

7. «የጅቡቲ ሙቀት ዘይት ቀለም ያቀልጣል»

ፍርድ፦ ተረት፤ ጥንቃቄ ግን ያሻዋል።

ዘይት ቀለም የሚደርቀው ውሃው ተንኖ አይደለም፤ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር ነው። አንዴ ከጠነከረ በአየር ሙቀት አይቀልጥም። ችግሩ ያልደረቀው ነው። ላዩ ደረቅ የመሰለ ወፍራም ቀለም ውስጡ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከአዲስ አበባ በጥድፊያ ተጠቅልሎ የመጣ ሥዕል ተጣብቆ የሚገኘው በዚህ ነው። አክሪሊክ ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ ይደርቃል፤ በሙቀት ግን ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሁለት የአክሪሊክ ሥዕሎችን ፊት ለፊት አጋጥሞ ወይም ላስቲክ አልብሶ መተው ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

የባሕር ዳር እርጥበት ሸራን ያላላል፤ ከጀርባው አየር ካላገኘ ሻጋታ ያመጣል። ቆዳ ላይ የተሳለ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ2020 ያረፉት አንጋፋው ለማ ጉያ ይሠሩት እንደነበረው በፍየል ቆዳ ላይ፣ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይዘረጋል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘውና ኤሲው የማይነፍስበት ግድግዳ ምረጡ፤ ሸራውን ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።

8. «በእጅ ከተሳለ የአንድ ሰው ትዝታ ነው»

ፍርድ፦ ተረት፤ ከሁሉም በላይ ገዢን የሚያሳስተው ይኸኛው ነው።

ገበያ ላይ ከሚገኙት የአገር ቤት ሥዕሎች ብዙዎቹ የማንም ትዝታ አይደሉም። ከሥዕል የተቀዱ ሥዕሎች ናቸው። አንድ አቀማመጥ ይሸጣል፤ ሌላው እጅ ይደግመዋል፤ ሦስተኛው ተራራውን ያዛውረዋል። ይህ እንጀራ ነው፤ ማንንም አያስወቅስም። ግን ዋጋው «የልጅነት ትዝታ» ተብሎ ሲጨመር መለየት ያስፈልጋል።

የሚለየው ዝርዝሩ ላይ ነው። ጢሱን ተመልከቱ። በብዙ ሥዕል ላይ ከጎጆው ጫፍ አንዲት ቀጭን ጢስ፣ ጭስ ማውጫ እንዳለው ቤት ሽቅብ ትወጣለች። ማለዳ ገጠር የነቃ ሰው ግን ጢሱ በክዳኑ ሣር መሃል ሁሉ ሰርጎ ሲወጣ፣ ቤቱ ራሱ የሚተነፍስ ሲመስል ነው የሚያውቀው። ማረሻውን ተመልከቱ። የእኛ ገበሬ የሚይዘው አንድ እርፍ ነው፤ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን። በሁለት እጁ ሁለት እጀታ ጨብጦ የሚያርስ ገበሬ ካያችሁ፣ ሠዓሊው ያየው የፈረንጅ ሥዕል ነው እንጂ የአገር ቤት እርሻ አይደለም። ጥላውንም ተመልከቱ፤ የዛፉ ጥላ ወደ ግራ፣ የሰውየው ወደ ቀኝ ከወደቀ ሁለቱ ከሁለት ቦታ የተቀዱ ሳይሆኑ አይቀርም።

በተቃራኒው ደግሞ ለውበት የማያስፈልግ ነገር ከተገኘ፣ ልብ በሉት። በአንድ ወገኑ የዘመመ ጎተራ፣ መብረቅ የሰነጠቀው ዋርካ፣ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ የተሳለ አጥር። እንዲህ ያለውን ሸክም ሥዕሉ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ከልቡ ሊያወጣው ያልቻለ ሰው ነው። ሻጩን ወይም ሠዓሊውን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ይህ የት ነው? ወሩ ምንድን ነው? ይህን የሚያየው ሰው ከየት በኩል ቆሟል? ትዝታው የራሱ የሆነ ሠዓሊ ሦስተኛውን ጥያቄ ሲሰማ ብዙውን ጊዜ በእጁ መጠቆም ይጀምራል፤ ከቀደመ ሥዕል የቀዳው ግን ወደ ቀለሙ ውበት ወሬውን ያዞራል።

የራሳችሁን ቀዬ አዝዛችሁ የምታስሉ ከሆነ ደግሞ ሠዓሊውን «አንድ የሚያምር ገጠር» ብላችሁ አትዘዙት፤ የሚሰጣችሁ ያንኑ የታወቀውን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ በየት በኩል እንደነበረ፣ ውሃ የሚቀዳበት መንገድ ሽቅብ ይሁን ቁልቁል፣ ፀሐይ ከየትኛው ተራራ እንደምትወጣ ንገሩት። የማታስታውሱትንም አትፍጠሩ፤ ያ ቦታ በጉም ይሸፈን በሉት። ከዚያ በኋላ ምግብ ቤቱ ውስጥ «የት አገር ነው?» ለሚላችሁ ሰው ስም ጠርታችሁ ትመልሳላችሁ።